ለነዳጅ ቁጠባ ውድድር ትራክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ከደንቡ እስከ መጨረሻው መስመር

አንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ብላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ቪትስ የሚነዳ ሰው ብትጠይቁ 15፣ መንገዱ ከተከፈተለት ደግሞ 20 ይላችኋል። የነዳጅ ኩባንያው ሼል በሚያዘጋጀው የነዳጅ ቁጠባ ውድድር፣ ሼል ኢኮ ማራቶን ላይ ግን ተማሪዎች ራሳቸው በሠሩት መኪና፣ በሊትር ሲሰላ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ዉድ ሪቨር በሚባል ቦታ የሼል ላቦራቶሪ ሳይንቲስቶች ማን ብዙ ይሄዳል ብለው ተወራረዱ፤ ያሸነፈው በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። የተማሪዎቹ ውድድር በ1985 ፈረንሳይ፣ ፖል ሪካር ትራክ ላይ ጀመረ። በ2005 ደግሞ ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም የመጣው ፓክ ካር 2 የሚባል የሃይድሮጅን መኪና፣ ወደ ቤንዚን ሲቀየር በሊትር 5385 ኪሎ ሜትር የሚሆን ውጤት አስመዘገበ።

ይህን የምጽፈው አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ሃይስኩልና ኮሌጅ ለምትማሩ፣ እንዲሁም አገር ቤት ኢንጂነሪንግ ለምታጠኑና አንድ ቀን ቡድን ይዘን እንወጣለን ለምትሉ ነው። የአሜሪካው ዙር ከ2022 ወዲህ ኢንዲያናፖሊስ ሞተር ስፒድዌይ ላይ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ያ ትልቅ ትራክ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር መንዳት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ቡድን ጊዜውን ሁሉ ሞተር ላይ ይጨርሳል። እኔ ብሆን ግማሹን ጊዜ ለጎማ፣ ለፍሬንና ለሹፌር ስልጠና እሰጣለሁ። ምክንያቱን ከታች በቁጥር ታዩታላችሁ።

ደንቡን ሳታነቡ ብየዳ አትጀምሩ

ደንቡ ሁለት ምዕራፍ አለው። አንደኛው ለዓለም ሁሉ የሚሠራው የመኪናና የደህንነት ደንብ ነው፤ ሁለተኛው እናንተ የምትወዳደሩበትን ቦታ የሚመለከት ነው። በየዓመቱ ስለሚታደስ የዓመቱን አውርዱ፣ አትሙት፣ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አምና የተወዳደረ ጓደኛ የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሥሩ።

ምድቡ ሁለት ነው። ፕሮቶታይፕ የሚባለው ሦስት ወይም አራት ጎማ ያለው፣ ሹፌሩ ተንጋሎ የሚነዳው ቀጭን መኪና ነው። አርባን ኮንሰፕት ደግሞ አራት ጎማ፣ በር፣ መብራት ያለው፣ የከተማ መኪና የሚመስል ነው፤ እሱ መንገድ ላይ ቆሞ እንደገና መነሳትም አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ፕሮቶታይፕ ይሻላችኋል። ሥራው ያንሳል፣ ወጪውም እንደዚያው።

የኃይሉን ምንጭም አሁኑኑ ወስኑ፦ ነዳጅ፣ ሃይድሮጅን ወይም ባትሪ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ አገር ቤት ላላችሁ የባትሪው ምድብ ውስጥ የምትማሩት ነገር ነገ ሥራ ላይም ይጠቅማችኋል። ግን የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን መላክ እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቆጠር ጣጣ አለው፤ አጓጓዡን ከወራት በፊት አነጋግሩ። ከአገር ቤት የምትመጡ ከሆነ ቪዛውንም ከመኪናው እኩል ጀምሩት።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ልብ የሚሰበርበትን ቦታ ልጥቀስ፤ የቴክኒክ ፍተሻው ነው። ያንን ያላለፈ መኪና ትራኩን አያይም። ዓመት ሙሉ የደከሙ ልጆች ፍሬን አልያዘም ተብለው ቀኑን ሙሉ ፒት (መኪናው የሚጠገንበት ቦታ) ውስጥ ሲታገሉ ይውላሉ። ስለዚህ ፍተሻውን ቤታችሁ አስቀድማችሁ አድርጉት፦

ፍሬኑ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ሲስተሞች መሆን አለበት፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። መኪናው ሹፌሩን ይዞ 20 ከመቶ ተዳፋት ላይ ይቆማል፣ እያንዳንዱ ፍሬን ለብቻው ሳያንሸራትት መያዝ አለበት። ከጣውላ 2 ሜትር ርዝመት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መወጣጫ ሥሩና ሞክሩት።

ሹፌሩ ከነሄልሜቱ፣ ቀበቶውን እንደታሰረ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ችሎ መውጣት አለበት። ይህ ልምምድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ቀን 20 ሰከንድ ቢፈጅ አትደንግጡ፤ የትኛው እጅ ቀበቶውን፣ የትኛው ሽፋኑን እንደሚከፍት ከተወሰነ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል።

መኪናው ቢገለበጥ ጭንቅላት የሚያድነው ሮል ባር ከሄልሜቱ በ5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ፣ 700 ኒውተን (የ70 ኪሎ ክብደት ያህል) ጫናም ሳይጎብጥ መቻል አለበት። ባለ 5 ነጥቡን ቀበቶ ደግሞ ፈታሾቹ ይይዙና መኪናውን ከነሹፌሩ ወደ ላይ ይስቡታል፤ ቀበቶው የታሰረበት ብሎን ደካማ ከሆነ እዚያው ይታያል። በሹፌሩና በሞተሩ መካከል እሳት የማያሳልፍ ግድግዳ ይኑር። ገመድና ቱቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ ድፈኑት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ሌላው ቶሎ የሚያልቅ ነው፦ ክላክስ በ4 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል፣ ሁለት ስፖኪዮ፣ ሹፌሩ እጁን ሲያነሳ ኃይሉን የሚቆርጥ ማጥፊያ፣ ከውጭም ከውስጥም የሚሠራ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ፣ የእሳት ማጥፊያ። የሹፌሩ ልብስ ሰው ሠራሽ ክር ያለበት መሆን የለበትም፤ ውስጥ ልብሱም ጭምር። ጥጥ ይልበስ።

ስሌቱን ወረቀት ላይ ሥሩ

መኪናው 45 ኪሎ፣ ሹፌሯ 55 ኪሎ ትሁን፤ በድምሩ 100። የተለመደ የብስክሌት ጎማ የመንከባለል መጎተቱ 0.005 አካባቢ ነው እንበል። ይህ ማለት ከጠቅላላ ክብደቱ 0.005 ያህሉ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ 4.9 ኒውተን ይሰጣል። ነፋሱ ደግሞ ቅርጹ ጥሩ ከሆነ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ 1.5 ኒውተን አካባቢ ይጎትታል። ድምሩ 6.4 ኒውተን። መኪናውን ከነሰው ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ከአንድ ኪሎ ስኳር ክብደት ያነሰ ነው ማለት ነው።

አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስለዚህ 6.4 ኪሎ ጁል ይበቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሜጋ ጁል ገደማ አለ፤ ትንሿ ሞተራችሁ ከዚያ 20 ከመቶውን ወደ ጎማ ካደረሰች 6.4 ሜጋ ጁል ታገኛላችሁ። አካፍሉት፦ 1000 ኪሎ ሜትር።

አሁን ሞተሩን ሳትነኩ ጎማውን ብቻ ለዚህ ውድድር ተብሎ በተሠራ፣ መጎተቱ 0.002 በሆነ ጎማ ቀይሩ። ጠቅላላ ኃይሉ ወደ 3.46 ኒውተን ይወርድና ውጤቱ 1850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ያንኑ ያህል ከሞተር ለማግኘት ቅልጥፍናውን ከ20 ወደ 37 ከመቶ ማሳደግ ይኖርባችኋል፤ ያ ደግሞ ከትንሽ ሞተር የሚጠበቅ አይደለም። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያውን ብር ጎማ ላይ አውጡት የምለው ለዚህ ነው።

ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ አላይመንት

የጎማውን ነፋስ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን አታሳልፉ፣ ግን እዚያ ድረስ ሙሉት። ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት ለኩት፤ ጠዋት የሞላችሁትን ከሰዓት ላይ አትመኑት።

አዲስ ኩሽኔታ (ቸርኬው የሚዞርበት ቤሪንግ) ወፍራም ግራሶ ታሽጎበት ነው የሚመጣው። ለከባድ ጭነት ጥሩ ነው፣ ለእናንተ ግን ብሬክ እንደ መያዝ ነው። ግራሶውን አጥባችሁ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉበት። ቸርኬውን በጣት አዙሩት፦ መዞሩን ሲያቆም ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ገትሮ ከቆመ የሆነ ነገር ይዞታል።

አላይመንት ላይ ጊዜ ውሰዱ። የፊት ጎማ በአንድ ዲግሪ ብቻ ዞሮ ከተቀመጠ በየሜትሩ 17 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይፋቃል። ሩጫው 16 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ ያን ያህል ስትሄዱ ያ ጎማ 280 ሜትር ያህል በጎኑ ተጎትቷል ማለት ነው፤ ያንን የሚከፍለው ነዳጃችሁ ነው። በሁለቱ የፊት ቸርኬዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊት በኩልና ከኋላ በኩል ለኩ፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን አስተካክሉ። ሹፌሯ ውስጥ ተኝታ ነው የሚለካው። ባዶውን ሲለካ ቀጥ ያለ መኪና ሰው ሲገባበት ሻንሲው ይጎብጥና ጎማዎቹ ይከፈታሉ። ካቴናውም ቀጥ ብሎ መሄዱን በዓይን ሳይሆን በማስመሪያ አረጋግጡ።

መኪናውን ልቀቁትና ሰዓት ያዙ

ይህችን ሙከራ ማንም ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ አይተካትም። ነፋስ የሌለበት ጠዋት፣ ሜዳ የሆነ አስፋልት ፈልጉ፤ ሰፊ የመኪና ማቆሚያም ይሆናል። በሰዓት ወደ 32 ወይም 33 ኪሎ ሜትር አድርሱት፣ ሞተሩን አጥፉና ልቀቁት። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 20 እስኪወርድ ስንት ሰከንድ ፈጀ?

ከላይ ባለው ስሌት 100 ኪሎ መኪና በ6.4 ኒውተን 43 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። በጥሩ ጎማ ወደ 80 ሰከንድ ይደርሳል። ፍሬኑ ቸርኬውን በትንሹ ነክቶ አንድ ኒውተን ብቻ ቢጨምር ደግሞ 43ቱ ወደ 38 ይወርዳል፤ በእጅ ብትገፉት የማይታወቃችሁን ነገር ሰዓቱ ይነግራችኋል። በዚህም በዚያም አቅጣጫ አድርጉትና አማካዩን ውሰዱ፣ የመንገዱ ዘንበል ማለትና ነፋሱ እንዳያታልላችሁ። ውጤቱን ደብተር ላይ ከነነፋሱ፣ ከነሙቀቱ ጻፉት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ድገሙት። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ሞተሩና ነዳጁ

ብዙ ቡድን እንደ ሆንዳ ጂኤክስ 35 ያለ የሣር ማጨጃ ሞተር ይዞ ይጀምራል፤ 35.8 ሲሲ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ መለዋወጫውም ርካሽ ነው። መጀመሪያ እንዳለ አስነሱትና አስተማማኝ አድርጉት። በተነሳ ቁጥር በመጀመሪያው ሙከራ መነሳት አለበት፣ ምክንያቱም ትራክ ላይ ደጋግማችሁ ታጠፉታላችሁ፣ ደጋግማችሁ ታስነሱታላችሁ። ካርቡራተሩን አውጥቶ በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጭ ሲስተም መግጠም ጥሩ እርምጃ ነው፤ ግን ለመጀመሪያው ዓመት የሚሆን አይደለም። ሞተሩ በየመሀሉ እንዳይቀዘቅዝ የሚሸፍን ነገር አድርጉለት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ይጠጣል።

የኋላው ጎማ ሞተሩ ሲጠፋ በነፃ መዞር አለበት፣ ልክ የብስክሌት ፔዳል ሲቆም እንደሚሆነው። ባትሪ ያላችሁም እንደዚሁ፤ የማይሠራ ሞተር ከጎማው ጋር ተያይዞ የሚዞር ከሆነ ይጎትታችኋል።

ነዳጁን በተመለከተ አንድ ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙ። በሊትር 1000 የሚሄድ መኪና ለ16 ኪሎ ሜትር የሚያቃጥለው 16 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ብቻ! ስለዚህ አንድ ሚሊ ሊትር ከጠቅላላው 6 ከመቶ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ 8 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም የአየር አረፋ ልክ ያንን አንድ ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ፍጆታው የሚለካው ታንኩ ከሩጫው በፊት እስከ ምልክቱ ተሞልቶ፣ ከሩጫው በኋላ እስኪሞላ የገባውን በመለካት ነው። ሲነሳ ቱቦው ውስጥ የነበረች አረፋ መንገድ ላይ ከወጣች ቦታዋን ነዳጅ ይተካዋል፤ ያላቃጠላችሁትን እንዳቃጠላችሁ ይቆጠርባችኋል። ቱቦው ውስጡ የሚታይ፣ አጭር፣ ሽቅብ እየሄደ አየሩን የሚያስወጣ ይሁን። የሚለጠጥ ላስቲክ አትጠቀሙ። ከመነሳታችሁ በፊት መኪናውን ወዝወዝ እያደረጋችሁ አረፋውን አስወጡ።

አነዳዱ

ሞተር በትንሽ ነዳጅ ሲንቀረፈፍ ያባክናል፤ ከበድ ያለ ሥራ ስትሰጡት ነው ቅልጥፍናው የሚወጣው። ስለዚህ እኩል ፍጥነት ጠብቆ መንዳት ለቤንዚኑ አይሆንም። የሚሠራው ይህ ነው፦ ሞተሩን አስነሱ፣ በደንብ ጭናችሁ ከ20 ወደ 30 አድርሱ፣ አጥፉ፣ እስከ 20 ልቀቁት፣ እንደገና። ባለው ስሌት አንዱ መልቀቅ 300 ሜትር ያህል ይወስዳችኋል። ቁልቁለት ላይ በፍሪ መልቀቅን የምታውቁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል፤ እንዲህ ያለው አነዳድ ግን የተዘጋ ትራክ ላይ ብቻ ነው፣ ሕዝብ መንገድ ላይ ሞተር አጥፍቶ መልቀቅ ፍሬንና መሪ ያሳጣል። ባትሪ ያላችሁ ሞተራችሁ በየትኛው ኃይል ላይ ቅልጥፍናው ከፍ እንደሚል ለክታችሁ ዕቅዱን በዚያ ሥሩ፤ ኤሌክትሪኩ ለስለስ ያለ አነዳድ ይወዳል።

አማካይ ፍጥነቱ ከ25 መውረድ የለበትም፤ 16 ኪሎ ሜትር ቢሆን 38 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ አላችሁ። ከሰዓቱ በኋላ ከገባችሁ ሩጫው አይቆጠርም። ሦስት ደቂቃ ቀድማችሁ ከገባችሁ ደግሞ ነፋስ ለመግፋት ያወጣችሁት ነዳጅ ባክኗል። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ትርፍ ይዛችሁ ለመግባት አቅዱ።

ከፍሬን ራቁ። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር የከፈላችሁትን ወደ ሙቀት ትቀይሩታላችሁ። ኩርባው ከመድረሱ በፊት ፍጥነቱ ራሱ እንዲወርድ ሞተሩን ቀደም ብላችሁ አጥፉ።

መስመር መምረጥም ይከፍላል። የሚቆጠረው ዙር ስለሆነ፣ ዙሩን ሙሉ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ የሄደ በየዙሩ 6.28 ሜትር ያሳጥራል፤ የትራኩ ቅርጽ ምንም ይሁን። ግን ለማሳጠር ብላችሁ መሪውን ስል አድርጋችሁ አትጠምዝዙ፤ ጎማው ሲፋቅ ያተረፋችሁትን ይወስደዋል። ሰፋ አድርጎ ገብቶ ለስላሳ መውጣት ይሻላል።

የመጨረሻውን ዙር ለብቻው ተለማመዱ። በ30 ፍጥነት ላይ መኪናው ውስጥ 3.5 ኪሎ ጁል ያህል ተከማችቷል፤ ከ500 ሜትር በላይ ያስኬዳል። መስመሩን በ30 ከቆረጣችሁ ያንን ጥላችሁት ገባችሁ። በ10 ከቆረጣችሁ ከጠቅላላው 3 ከመቶ ያህል አተረፋችሁ፣ ምንም ዕቃ ሳትገዙ።

ሹፌሯ

ለፕሮቶታይፕ ሹፌር ከነልብሱና ከነሄልሜቱ ቢያንስ 50 ኪሎ መሆን አለበት፤ ከጎደለ ክብደት ይጨመራል። ቀላል ሰው መምረጥ ጥሩ ነው፣ ግን ከክብደት ይልቅ ትዕግሥትን አስቀድሙ። አርባ ደቂቃ ያህል ጠባብ ቦታ ተንጋልሎ፣ ሙቀት ውስጥ፣ ሰከንድ እየቆጠሩ መንዳት ከባድ ነው። ቆማ ባለችው መኪና ውስጥ ጀምራችሁ አለማምዷት። አንገቷና ወገቧ የት እንደሚያማት ያኔ ይታወቅና ስፖንጅ ታስቀምጣላችሁ። ምግብ ከልክላችሁ ክብደት እንድትቀንስ በጭራሽ አታድርጉ። ውሃ ትጠጣ። ተጠባባቂ ሹፌርም እኩል ይሠልጥን።

በሬዲዮ የሚነጋገር አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ቃሉም አጭር፦ «ስጪ» እና «ዝጊ»። ከዚያ ውጭ የዙር ሰዓት ብቻ ይነገራት። ሁሉም በአንድ ላይ ከጮኸ መንዳቱን ትታ እናንተን ታዳምጣለች። ሬዲዮው ቢጠፋ ደግሞ ዕቅዱን በቃሏ ትወቅ፤ የት እንደምታስነሳ፣ የት እንደምታጠፋ ከትራኩ ዳር ያለ ምልክት ይኑራት፤ ሰሌዳም ይሁን ድልድይ።

ውድድሩ ቦታ ስትደርሱ

ትራኩን በእግራችሁ ዙሩት። ሲያዩት ሜዳ የሚመስል መንገድ ትንሽ ዳገት አለው፤ ኳስ አስቀምጡበትና ወዴት እንደሚንከባለል እዩ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በየሰዓቱ መዝግቡ። ሞተሩን ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ማስነሳት ነው ወይስ ከፊት ሲመጣ የሚለውን ክርክር በስሌት ፍቱት፤ እኔ የምመክረው ከፊት ለፊት ነፋስ በፊት ፍጥነት እንዳትጨምሩ፣ ነፋሱ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት እንዳትሮጡ ነው።

ሙከራው አንድ ብቻ አይደለም፤ የሚያዘው የተሻለው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ለመግባት ብቻ ንዱት፤ ሁለት ደቂቃ ትርፍ ይዛችሁ፣ ምንም ሳትጣደፉ፣ ውጤት አስመዝግቡ። ያ ከተያዘ በኋላ ሁለተኛው ላይ የላይኛውን ፍጥነት ከ32 ወደ 30 አውርዱ፣ ሦስተኛው ላይ የመጨረሻውን ዙር አሻሽሉ። በየመሀሉ የጎማውን ነፋስ ለኩ፣ ፍሬን የሚነካ ነገር ካለ አዳምጡ፣ ቱቦውን እዩ፣ ደብተሩን ሙሉ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ትርፍ ካቴናና ካላማዳሪያ አንድ ሳጥን ውስጥ ይሁኑ፤ የሳጥኑ ኃላፊ አንድ ሰው ይሁን፣ ምሳ ሲሄድም ቁልፉን ለሌላ አስረክቦ ይሂድ።